ቁጥር ሃያ ሦስት

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ዛሬ የሌለች ልጅ «አቤት» አለችኝ።

የ10ኛ ሐ ኃላፊ የነበረው የእንግሊዝኛ መምህር ወደ ኩታበር ተዛውሮ ሄደ። ክፍሉን ለእኔ ሰጡኝ። ሒሳብ ከመስከረም ጀምሮ አስተምራቸዋለሁ፣ ፊታቸውን አውቃለሁ፤ ስም መጥራት ግን እስከ ዛሬ የእኔ ሥራ አልነበረም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡን ይዤ ገባሁ። ጉሙ ከኋላዬ ተከትሎኝ ገባ። መብራት የለም። ኋላ የተቀመጡት ከነጠላና ከጋቢ በላይ ጭንቅላታቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት፣ «ረህመት ሰይድ»።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ረህመት ጥር ላይ ሄዳለች። በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ፣ ከዚያ በጀልባ፣ ከዚያ ሳዑዲ። ከዚህ ከተማ ብዙዎቹ እንዲሁ ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን ጠዋት ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ በቃ።

«አቤት።»

በመስኮቱ በኩል ካሉት ሴቶች መሃል ነው የመጣው። ቀና አልኩ። የሳቀ የለም። ልጆች መምህር ሲያሞኙ አንዱ ሳቁ ያመልጠዋል፤ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ ይህቺን እንኳ አውቃለሁ። ዛሬ ሁሉም ጠረጴዛውን ነው የሚያየው።

ወደ ሃያ አራት አለፍኩ። ምን ላደርግ ኖሯል?

ሌላ፦ ጠመኔ አልቋል፣ ከሌላ ክፍል ተበደርኩ። የግራ ጫማዬ ውሃ ያስገባል። አቀስታ ደውዬ ከእናቴ ጋር አወራሁ፣ ብርዱ እዚያም ብሷል። ስለ «አቤት»ዋ አልነገርኳትም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ዛሬም መለሰች። ድምፁ ግን ከትናንቱ ቀጠን ያለ ነው። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ።

አጭር ፈተና ሰጠሁ፣ አምስት ጥያቄ። ከመጀመሬ በፊት እየዞርኩ ቆጠርኳቸው፤ ሃምሳ አንድ። ሲያልቅ የሰበሰብኩት ሃምሳ ሁለት ወረቀት ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። መምህራን ማረፊያ ገብቼ ሦስተኛ ቆጠርኩ። ሃምሳ ሁለት።

ከመሃል ወጣ። «ረህመት ሰይድ፣ 10ኛ ሐ፣ ቁ. 23።»

ጽሕፈቷን አውቀዋለሁ። ሰባት ስትጽፍ ወገቡ ላይ ጭረት ታደርጋለች። ኤክሷ ጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ቅስቶች ነው። ከአምስቱ አራቱን አግኝታለች። የሳተችው አራተኛውን ነው፤ አሳሳቷም የራሷ ነው። ቁጥር የእኩል ምልክቱን ተሻግሮ ወዲያ ሲሄድ፣ መደመሩን ወደ መቀነስ መለወጥ ትረሳለች። ከመስከረም ጀምሮ በቀይ አስምሬበት፣ ቦርድ ላይ አውጥቻት፣ ተቆጥቻት ያልለቀቃት ስህተት ነው። እጄ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ላርመው ወይስ አልንካው?

አረምኩት። ስምንት ከአሥር።

ከዚያ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። በረህመት ስም ፊት ከጥር ወዲህ «ቀሪ» የሚል አንድ ምልክት የለም። በየቀኑ ተገኝታለች። የካቲትን በሙሉ ተገኝታለች።

ኩታበር ደወልኩ። መምህሩ ሳቀ። «ወይንሸት፣ እኔ ስም ስጠራ ቀና አልልም። ድምፅ ከሰማሁ ምልክት አደርጋለሁ። ማን ሄደ ነው የምትይኝ?»

የሄደችውን ልጅ ከናካቴው አያውቃትም።


ረቡዕ፣ መጋቢት 6

ዛሬ ሆን ብዬ ነው የጠራሁት። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ ስሞቹን በወረቀት ይዤ በወንበሮቹ መሃል እየሄድኩ ጠራሁ። ሃያ ሁለት ላይ ስደርስ በመስኮቱ በኩል ካለው ረድፍ ፊት ለፊት ቆምኩ። አሥራ አራት ሴቶች። ከንፈር ከንፈራቸውን እያየሁ፣

«ረህመት ሰይድ።»

«አቤት፣ ቲቸር።»

ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። አንድም። ይህንን የምጽፈው ለራሴ ስለሆነ መዋሸት አያስፈልገኝም፤ አልተንቀሳቀሰም።

ደግሞ «ቲቸር» አለች። ክፍሉ ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ብቻ ነው የሚባለው። ጥያቄ ስጠይቃት ከመነሳቷ በፊት «አቤት፣ ቲቸር» የምትለኝ ረህመት ብቻ ነበረች። ቃሉን ትንሽ ጎተት አድርጋ።

«ማናችሁ ናችሁ?» አልኩ። ከፊት የተቀመጠ ጎረምሳ፣ ወትሮ እንኳን ለእኔ ለማንም የማይታዘዝ፣ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ ይለፉት» አለኝ። እንደ ትልቅ ሰው። ሁለት ልጆች ጥግ ላይ እያለቀሱ ነበር። አሞኝተውኝ ከሆነ ለምን እነሱ ይፈራሉ?

አለፍኩት። ከዚያም አርባ ደቂቃ ስለ ኳድራቲክ አስተማርኩ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም።

በእረፍት ምክትል ርዕሰ መምህሩን አቶ ጌታሁንን አገኘኋቸው። ስለ ድምፁ ትንፍሽ አላልኩም። «ያቋረጠች ልጅ መዝገብ ላይ እንዳለች አለች» ብቻ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ያቋረጡትን ስም ዝርዝር በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ለወረዳው መላክ አለባቸው።

«በቀይ ሰርዣትና ስሟን ላኪልኝ» አሉ። «አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። የሌለ የለም ነው።»


ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ጠዋት «አቤት» ተባለ። ለመስማት ያህል ሰማሁ።

ከትምህርት በኋላ ትዕግስትን አስቀረኋት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምራ ከረህመት ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጠች ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ ገጠር ናቸው፣ እሷ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። የፈተናውን ወረቀት ፊቷ ዘረጋሁት።

ብዙ አላስጨነቀችኝም። «እኔ ነኝ» አለች።

«ጽሕፈቷስ?»

«ስድስት ዓመት አብረን ጻፍን፣ ቲቸር። የሷን ጽሕፈት ከራሴ አልለየውም።»

«ስህተቷን ለምን ጨመርሽበት?»

«እሷ ብትሆን እንደዚያ ነበር የምትሠራው» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። የረህመት እናት ወይዘሮ ዘሃራ ጥር ላይ፣ ልጅቷ ዓርብ ማታ በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ አጥሩ ሥር መጥተው አምስት ልጆችን ጠሩ። ለመኗቸው። ስሟ ሲጠራ ክፍሉ ዝም እንዳይል። «የተጠራ ስም መላሽ ካጣ፣ ሌላ ይመልስለታል» አሏቸው። ሌላ ማለት ማን እንደሆነ አልጠየቋቸውም። ተራ ያዙ። ሰኞ ሰዓዳ፣ ማክሰኞ ራሷ ትዕግስት፣ ረቡዕ ፎዚያ፣ ሐሙስና ዓርብ ሌሎቹ ሁለቱ። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ያውቃሉ፤ አንድ እንኳ አልተናገረም። ፈተናውን ግን ማንም አላዘዛትም፤ ወረቀቷ ባዶ እንዳይሆን ብላ ራሷ ነው የጻፈችው።

ልቤ ረጋ። ለካ እንዲህ ቀላል ነው! ሊያስለቅሰኝም ሊያስቀኝም ደረሰ። «እንግዲያው ትናንት ስትመልስ የፎዚያ ከንፈር ያልተንቀሳቀሰው እንዴት ነው? እንዲህ መናገር የት ተማረች?» አልኳት።

ትዕግስት አየችኝ። «ፎዚያ ከሰኞ ወዲህ አልመጣችም፣ ቲቸር። ታማለች።»

መዝገቡን ገለጥኩ። በፎዚያ ስም ማክሰኞ ቀሪ፣ ረቡዕ ቀሪ። በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው።

«ታዲያ ትናንት ማን መለሰ?»

«እኛም እሱን ነው የፈራነው» አለች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። «እኔ ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደመችኝ።»


ዓርብ፣ መጋቢት 8

ቆርጬ ገባሁ። ከሃያ ሁለት ወደ ሃያ አራት ዘለልኩ።

በመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ ለመመለስ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ትንፋሹን ሳታወጣ ቀረች። ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ልጅ እያለ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብቻ ነው የሚሰማው።

ትክክል ነው ያደረግኩት። መምህር ነኝ። ልጆቹ ከማልቀስ ይገላገላሉ፣ መዝገቡም እውነቱን ይናገራል። ይህን ለራሴ አራት ጊዜ ያህል ነገርኩት።

ከሰዓት በኋላ 9ኛ ለ ውስጥ አንዱ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ ቦርድ ላይ ጨርሶ ሠራ። ሌላ ሳምንት ቢሆን በዚህ ብቻ ደስ ብሎኝ እውል ነበር።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ወይዘሮ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። ትዕግስት እስከ ደጃፉ ወስዳኝ ተመለሰች።

ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ገደሉ ከሚጀምርበት በላይ ነው። ጉሙ ከሥር እየወጣ አጥራቸው ላይ ይቆማል። ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። እንደዚያ ደቃቃ ሴት አልመሰሉኝም ነበር። ማንነቴን ስነግራቸው ሰፌዱን አስቀምጠው ሁለት እጄን ያዙ።

«ግቢ፣ ግቢ ልጄ። የሒሳቧ ቲቸር አንቺ ነሽ? ሒሳብ ይከብደኛል ትል ነበር፣ አንቺን ግን ትወድሽ ነበር፣ ወላሂ።» እርጎ ሊያመጡ ተነሱና «ውይ፣ ጾም ናችሁ ለካ» ብለው ቆሎ አቀረቡልኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው የካቲት መግቢያ ላይ ነው። ከሰው ስልክ። «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፣ አብሽሪ እማዬ» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። አብረዋት ከሄዱት ሁለቱ ሳዑዲ ገብተው ደውለዋል፤ ረህመት ጀልባው ላይ አልነበረችም አሉ። ከዚያ በፊት የት እንደቀረች የሚያውቅ የለም።

ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት። ልጆቹን በፍርሃት እየገደሏቸው ነው ልላቸው ነበር። ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ጀመሩልኝ።

«እህት ነበረችኝ፣ ሐዋ የምትባል። እሷም እንዲሁ ሄደች፣ እኔ ልጅ ሆኜ። እናታችን እንዳታለቅስ ብለን ስሟን መጥራት ተውን። ማዕድ ላይ አንጠራ፣ ዱዓ ላይ አንጠራ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። አንድ ቀን ስንነቃ መልኳ ጠፋን። ዛሬ ሐዋ አፍንጫዋ እንዴት ነበር ብትይኝ አላውቅም። ስም ሲተው ሰው አብሮ ነው የሚሄደው፣ ልጄ። እዚህ ቤት ብቻዬን ነኝ፣ እኔ ብጠራት ግድግዳ ነው የሚመልስልኝ። እናንተ ግን በየጠዋቱ ትጠራላችሁ። መንግሥት ያዘዘው ጥሪ ነው። ያ እንዳይቀር ነው።»

ቆሎውን ያዝኩ፣ አልበላሁትም።

«ትናንት ጠርተሻታል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«መለሰች?»

«አዎ፣ እማ ዘሃራ።»

ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ። ያወቁብኝ መሰለኝ። ቁጣ ግን አልነበረም፤ ግራ ነው የገባቸው።

«እንዴት ነው ታዲያ እዚህ የመጣችው?» አሉ። «ትናንት ጠዋት፣ ልክ እናንተ ስትገቡ፣ ደወላችሁ እዚህ ድረስ ይሰማል፣ ከደጅ አቤት አለች። አልጠራኋትም፣ ወላሂ አልጠራኋትም። ደነገጥኩ፣ ወጣሁ። ጉም ነው። ሁለተኛ አቤት አለች፣ ከገደሉ በኩል። ትምህርት ቤት ጠርተዋት የለም ወይ፣ ለምን እዚህ ትመልሳለች አልኩ።»

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። የተጠራ ስም ነው መላሽ የሚፈልገው ብለው ነበር። ያልተጠራው ምን ያደርጋል?


እሑድ፣ መጋቢት 10

አስቀድሼ መጣሁ። ለካህኑ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ምን ብዬ? ዋሸሁ ልበል ወይስ ሰማሁ?

ቤት ተቀምጬ የሳምንቱን ትምህርት ማዘጋጀት ነበረብኝ። አንድ መስመር ጻፍኩ። ልጅ ሆነን እናቴ «ማን እንደጠራሽ ካላወቅሽ በመጀመሪያው ጥሪ አትመልሺ» ትለን ነበር። ጠሪው ሰው ሆኖ መላሹ ሌላ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አላስተማረችንም።

ነገ እጠራታለሁ። ወስኛለሁ።


ሰኞ፣ መጋቢት 11

ጠራሁ። «ረህመት ሰይድ።»

ዝም።

ሰዓዳን አየኋት፤ ተራዋ ነው። አፏ ተከፍቷል። አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ተገትሯል። ድምፅ የለም።

እንደገና ጠራሁ። ትዕግስት ግማሽ ተነስታ ቆመች፣ እሷም አፏን ከፈተች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አርባ ስምንት ልጅ ነበር፣ አንዱ እንኳ አልሳለም። ጉሙ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብሎ ፀሐይ በወንበሮቹ ላይ ወጣች። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ፀሐይ ናት፣ ማንም ወደሷ አላየም።

ሦስተኛ ለመጥራት አልደፈርኩም። መዝገቡ ላይ ተገኝታለችም ቀሪም አላልኩም። ቦታውን ባዶ ተውኩት።

ስወጣ ሰዓዳ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። «ቲቸር፣ ጉሮሮዬን የያዘኝ ነገር አልነበረም» አለች፣ እንዳልቆጣት ፈርታ። «እንዲያው ቃሉ የእኔ አልሆን አለኝ።»

ቀኑን ሙሉ ከ10ኛ ሐ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አልቻልኩም። ሁላችንም አንድ ነገር አስበናል። ማንም አላወጣውም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

አቶ ጌታሁን ጠዋት ዝርዝሩን ጠየቁኝ። ረህመት የለችበትም።

«ሃያ ሦስት ቁጥርስ?»

«ይቆይልኝ» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሁለት ወር ሪፖርት የተከመረባቸው ሰው ናቸው። «ወይንሸት፣ ልጅቷ ካለች የት አለች? ከሌለች ለምን ትኖራለች?» አሉኝ።

አልሰርዛትም አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአለቃ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እሳቸውም ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ራሳቸው ሊሰርዟት ይችሉ ነበር፣ መዝገቡ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። አልሰረዟትም።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የጥበቃው ሰው መጥቶ ሴትዮ ትፈልግሻለች አለኝ። ወይዘሮ ዘሃራ በር ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው ተገልብጦ፣ አንድ እግራቸው ባዶ። አለቀ አልኩ።

«ተገኘች» አሉ። «አለች፣ አለች! አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አለች!»

መንገድ ላይ ተቀመጥን፣ ሁለታችንም። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ኮምቦልቻ ለሚኖረው ወንድማቸው ለከድር ከአፋር አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ትናንት ደውሎለት ነበር፤ እሱ ረህመት መሆኗን ሳያረጋግጥ ለእህቱ መንገር ፈርቶ በሌሊት ተነስቶ ሄደ። እሷው ናት። ከባሕሩ ሳትደርስ ታማ ስትወድቅ አብረዋት የነበሩት ጥለዋት ሄዱ። ግመል ጠባቂዎች አንስተው፣ በቤታቸው አስታመው፣ አልሻላት ሲል ጤና ጣቢያ አደረሷት። ወባና ጥማት ነው አሉ። ስሟን ማንም አላወቀም።

«አትናገርም ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። «ከድር የነገረኝ እንዲህ ነው። ውሃ ትፈልጊያለሽ ሲሏት አቤት። የት ነው አገርሽ ሲሏት አቤት። ማንም ምንም ሳይላትም ድንገት ብድግ እያለች አቤት። ስንት ሳምንት። አብዳለች ብለዋት ነበር። ትናንት ጠዋት ብቻ ዝም አለች አሉ። ዝም ብላ፣ ዝም ብላ ቆየችና በራሷ አፍ የአገሯን ስም፣ መካነ ሰላም አለች። የከድርን ስልክ ከነቁጥሩ ጠራችላቸው።»

ትናንት ጠዋት።

ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሆነ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ይህን ራሴ አስተምራለሁ። እዚህም ጽፌዋለሁ፣ ይቀመጥ። ግን ጆሮዬ ውስጥ የረቡዑ «አቤት፣ ቲቸር» አለ፣ የት ላድርገው?

ለ10ኛ ሐ ነገርኳቸው። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ትዕግስት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች፣ የፊቱ ጎረምሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ረህመትና ከድር ደሴ ገብተዋል፤ ሐኪም አይቷት ዛሬ እዚያ ያድራሉ። ነገ በሚኒባስ ይመጣሉ። ነገ ደግሞ ረመዳን ይገባል ይላሉ።

በመንገድ ሳልፍ ወይዘሮ ዘሃራን አየኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ቀረብኩ። ፊታቸው እንደ ቅዳሜው ነው።

«በስልክ አነጋገርኳት» አሉኝ። «ድምጿ ነው። ግን ድምጿን እዚህም ሰምቼው ነበር፣ አይደል? ከደጄ። ታዲያ ድምፅ ምን ይታመናል?» ክንዴን ያዙኝ። «ነገ አብረሽኝ ቁሚ። ብቻዬን እፈራለሁ።»

የገዛ ልጃቸውን።


ሐሙስ፣ መጋቢት 14

መናኸሪያው ውስጥ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቆምን። ወይዘሮ ዘሃራ ጾም ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ትዕግስትና ሰዓዳ ከሩቅ ቆመዋል፣ ፎዚያም ከሕመሟ ተነስታ መጥታለች። ጉሙ ተመልሷል። መኪናው ሲመጣ መጀመሪያ መብራቱ ነው የታየው፣ ሁለት ቢጫ ነጥብ።

ሰው ወረደ፣ ጆንያ ወረደ፣ ዶሮ ወረደ። ከድር ወረደና እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ።

ወረደች።

ቀጥናለች። ፀሐይ ፊቷን አጥቁራ፣ ቆዳዋን ላጥ ላጥ አድርጋዋለች። ሻሿ የሷ አይደለም፣ ቀሚሷም የሌላ ሰው ነው፣ ይሰፋታል። ዓይኖቿ ወዲያ ወዲህ ፈልገው እናቷ ላይ አረፉ። ፈገግ አላለችም። «እማዬ» አለች።

ወይዘሮ ዘሃራ አልሄዱላትም። ሰዎቹ እልልታ ሊጀምሩ ሲሉ አፋቸው ላይ ያዙት። ከድር «ምነው እህቴ!» አለ። አልሰሙትም። ቀስ ብለው ሄደው፣ ልጃቸው ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፣ የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አደረጉ።

ምን እንደሚያዩ ገባኝ። ጂን የሰው መልክ ይይዛል፣ ድምፁንም ይይዛል፣ እግሩ ግን አይሆንለትም ይላሉ፤ ኮቴ ነው ይላሉ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አቀርቅሬ አየሁ። አፍሬ ነው የምጽፈው፤ ማንም ሳይቀድመኝ አቀርቅሬ አየሁ።

የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ነቅሏል፣ አጠገቡ ያለውም። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የቆሸሸ ፋሻ። አምስትና አምስት ጣት።

ወይዘሮ ዘሃራ ጫማውን አወለቁ። እግሯን በሁለት እጃቸው ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ነኩ፣ በሚያማት ቦታ ሲደርሱ ረህመት «ውይ!» ብላ እግሯን ሳበች።

«አመማት!» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ ወደ እኛ ዞረው። ምስክር እንድንሆንላቸው ነው። «አያችሁ? አመማት! የሰው እግር ነው፣ የኔው ልጅ እግር ነው!» ከዚያ ያ እግር ላይ ተደፍተው ጮኹ። እልልታውም ለቅሶውም አንድ ላይ ወጣ።

ቤታቸው ድረስ ዳገት ነው፣ ልጅቷም መቆም አልቻለችም። ከድር በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ደገፍናት። ምን እንደደረሰባት አልጠየቅኳትም፣ የሰማሁትንም አልነገርኳት። ትምህርት ቤት ትመለሳለች አትመለስም አላውቅም፤ ዛሬ የሱ ቀን አይደለም። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ ጉሙን አየች። ምን እንዳየች እሷ ታውቃለች። እኔ አልዞርኩም።

እንዲያ ሥጋዋ አልቆ ከባድ ነበረች። መላ ሰውነቷን ጥላብኝ፣ ትንፋሿ አንገቴ ላይ እየሞቀ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆምን ወጣን። አሁን ቤቴ ገብቼ ይህን ስጽፍ ግራ ትከሻዬ እጄን አላነሳ እስኪለኝ ድረስ ያመኛል። ቅባት ነበረኝ። አልቀባውም፤ ለዛሬ ይመመኝ።